አራዳ፦ ዋጋ የሚያውቅ ሰው

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ የሚቆመው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የከተማዋ ጠባቂዎችም «የአራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት የነጩን ሰፈር ከሐበሻው ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው። አዲሱ ስፍራ መርካቶ፣ አሮጌው ፒያሳ ተባለ፤ ሁለቱም የጣሊያን ስሞች። «አራዳ» በቤተ ክርስቲያኑ፣ ኋላም በክፍለ ከተማው ስም ቢተርፍም፣ በመንገድ ላይ ወሬ ከሰፈር ይልቅ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ ገበያውን ተከትሎ መርካቶ የወረደ ይመስለኛል።

ትርጉሙን የጠየቁት ሁሉ «የነቃ፣ የማይሸወድ» ይላል፤ ተቃራኒው ፋራ ነው። ይህ ግን ግማሹ ነው። አራዳ አታላይም ይሆናል፣ ዘናጭም፣ የሰው ችግር የሚገባው ደግም። ጫማ እንኳ «አራዳ ጫማ» ይባላል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን በቁጥር ደርድሮ ሊገላገል ይችላል። እኔ ግን ሥሩ አንድ ነው ባይ ነኝ፦ አራዳ ሌላው የማያውቀውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነው። የቀረው ልዩነት ባወቀው ነገር ምን አደረገበት ከሚለው ይመጣል።

መርካቶ ውስጥ አብዛኛው ዕቃ ዋጋ አይጻፍበትም። አንዲት ወጣት ሰልባጅ ተራ ቆማ ጃኬት ስትገዛ እንስማት፦

«ስንት ነው?»
«ሁለት ሺህ።»
«ኧረ ባክህ፣ አራዳ ሁን!»
«እሺ፣ የመጨረሻ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። እህቴ፣ አንቺኮ አራዳ ነሽ፤ ዕቃ ታውቂያለሽ።»

እሷ «የገዛህበትን ታውቃለህ፣ እኔ ላይ አትቆልል» ማለቷ ነው። እሱ ቃሉን ተቀብሎ መልሶ ይልክላታል፦ ጥራቱን ካወቅሽ ዋጋው አይገርምሽም። አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ዋጋውን ወዲያና ወዲህ ጎተተው። ከፍላ ስትወጣ ለጓደኛዋ «ልጁ አራዳ ነው» ብትል ምስጋና ነው። ሁለት ሱቅ አልፋ ያንኑ ጃኬት በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ብታገኘው፣ ያው ዐረፍተ ነገር ስድብ ይሆናል።

የገበያ ቋንቋ ሌላም አገር አለ፤ ሥራው ግን ይለያል። የለንደን ጎዳና ቸርቻሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገዢና ፖሊስ እንዳይሰማቸው ቃል እየገለበጡ ይነጋገሩ ነበር። ልጅ ማለት የሆነው «ቦይ» ተገልብጦ «ዮብ» ሆነ፤ ኋላም ስድ አደግ የሚል ፍቺ ይዞ ወረደ፣ እዚያው ቀረ። የእነሱ ቋንቋ ገዢውን በር ላይ ያስቀረዋል። አራዳ ግን ገዢውን «አንተም ከእኛው ነህ» ብሎ ያስገባዋል፤ ኪሱ የሚነካውም ከገባ በኋላ ነው።

የቋንቋ ተመራማሪዋ አንድሪያ ሆሊንግተን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው ጥናት «የአራዳ ቋንቋ» የሚባለውን የመንገድ አነጋገር ከከተማ ወጣቶች ማንነት ጋር አያይዛ መርምራዋለች። ለመርካቶ ይህ አያያዝ ይጠባል። እዚህ ደላላውም፣ ተሸካሚውም፣ ጸጉሩ የሸበተው ጅምላ ነጋዴም ይጠቀሙበታል፤ ቃሉ ከዕድሜው ይልቅ የሚከተለው ግብይቱን ነው። ዕድሜ የሚገባበት ሌላ ቦታ ነው። ለአዛውንት ሻጭ «አራዳ ይሁኑ» አይባልም፤ «እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» ነው። ገዢዋ እማማ ሆነው ዋጋውን አጥንቱ ድረስ ሲያወርዱት ግን ባለሱቁ እየሳቀ «እማማ፣ እርስዎማ አራዳ ነዎት!» ይላል። አንቱታውና አራዳው ያን ጊዜ ይታረቃሉ፤ መሸነፉን ማመኑ ነውና።

በአንደኛ መደብ ግን ቃሉ አይሠራም። አራዳነትን ሌላ ሰው ይመሰክራል እንጂ ባለቤቱ አይናገረውም። «እኔ አራዳ ነኝ» ብሎ የገባ ገዢ ካለ፣ ደላላው ፈገግ ብሎ ለባለሱቁ ዐይኑን ይጠቅሳል፤ ዋጋውም ከሁለት ሺህ በላይ ይጀምራል።