ጥሩ የቢራ ሳሙና በምን ይታወቃል?

የቢራ ሳሙና ያቀረበላችሁ ሰው ካለ ፈጥናችሁ ወደ አፍንጫችሁ አታስጠጉት። ገዢው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢራ ቢራ ካልሸተተው የተታለለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቢራ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ያለችውም ሽታ አብዛኛዋ ትጠፋለች። ከተሠራ ስድስት ሳምንት ያለፈው ሳሙና አሁንም ቢራ ቢራ ካለ የሚሸታችሁ ሽቶ ነው። የቢራው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ከብቅሉ የተረፈው ስኳር አረፋውን ያበዛል፣ መልኩን ወደ ቡናማ ይወስዳል። የቀረው ሁሉ የስቡ፣ የሚዛኑና የትዕግሥቱ ሥራ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሳሙናውን በቢራው ስም አይሸጥም።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ሥራ የተመቹ አገሮች ናቸው። ቢራው እዚያው ኮምቦልቻ፣ ቢጂአይ ፋብሪካ ይጠመቃል፤ ሞራውም ከሥጋ ቤት አይጠፋም። እኔ በሞራው በኩል ነኝ። ለወጥ የምንወደው የኑግ ዘይት ለሳሙና ብቻውን አይሆንም፤ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ሳሙናው ልፍስፍስ ይላል፣ ሲቆይም ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥቶ የከረመ ዘይት ይሸታል። ነጠብጣቡን ያያችሁበትን ሳሙና መልሱት፤ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይሄድም። የበሬ ሞራ በአንጻሩ ጠንካራ፣ ነጭና ቶሎ የማያልቅ ሳሙና ይሰጣል። አንድ ግዴታ ግን አለበት፤ በውሃና በትንሽ ጨው ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ ረግቶ፣ ከሥሩ ያለው እድፍ ተፍቆ መጥራት አለበት። ሞራው በደንብ ካልተጣራ ሳሙናው ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ያንን ሽታ ቢራ አይሸፍነውም።

ሒሳቡ ምሥጢር የለውም፤ የሚደብቃችሁ ሻጭ ካለ ሒሳብ ሳይሆን ግምት ነው የያዘው። 700 ግራም የበሬ ሞራ፣ 200 ግራም የኮኮናት ዘይትና 100 ግራም የጉሎ ዘይት እንውሰድ። እያንዳንዱ ግራም ሞራ 0.140፣ ኮኮናቱ 0.183፣ ጉሎው 0.128 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ድምሩ 147 ግራም ገደማ ይመጣል። ከዚህ ላይ አምስት በመቶ ተቀንሶ 140 ግራም ይገባል፤ ጥቂት ስብ ሳይለወጥ ይቀርና ቆዳውን ያለዝባል። ቢራው 300 ግራም ያህል ይበቃዋል። ይህ በሚዛን እንጂ በብርጭቆ የሚሆን አይደለም። በብርጭቆ የሚለካ ሰው አንዱ ሳሙናው ቢሰምርለት ሌላው እጅ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሻጯን «እህቴ፣ ቢራውን ምን አደረግሽው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ከጠርሙሱ ገልብጬ ጨመርኩት» ካለች አመስግናችሁ ሂዱ። ቢራ ጋዝም አልኮልም አለበት። ጋዙ ሳይወጣ ኮስቲክ ሶዳ ከነካው ገንፍሎ ከዕቃው ይወጣል፤ ያ የሚገነፍለው ነገር ዓይንና ቆዳ የሚያጠፋ ነው። አልኮሉ ደግሞ የሳሙናውን ሊጥ ድንገት ያጠጥረዋል፤ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሳይደርስ ማንኪያው ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መልስ ረዘም ይላል፦ ሰፊ ዕቃ ላይ ገልብጣ አሳደረችው፣ በማግሥቱ በዝግታ አንተከተከችው፣ አቀዘቀዘችው፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታ ግማሽ በረዶ አደረገችው፤ ከዚያ ሶዳውን ጥቂት በጥቂት ወደ ቢራው ጨመረች፤ ቢራውን ወደ ሶዳው አላፈሰሰችም። መስኮቱ ክፍት፣ እጇ በጓንት፣ ዓይኗ በመነጽር ነበር። ዕቃዋንም ጠይቁ። ቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጂን ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ካልሆነ ሥራው ከመነሻው ተበላሽቷል።

ከመልሱ ቀጥሎ የሚመሰክረው የተቆረጠው ገጽ ነው። ሳሙናውን በስለታም ቢላ አስቆርጡና ወደ ብርሃን አዙሩት። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሊጡ በእኩል ሞቆ በእኩል በርዷል ማለት ነው። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ከታያችሁ መሐሉ ሞቆ ዳሩ ሳይሞቅ ቀርቷል፤ ይህ የመልክ እንከን እንጂ የጤና አይደለም፣ ዋጋ ቀንሱበትና ውሰዱት። ላዩ ላይ ቁመቱን ይዞ የተሰነጠቀ ከሆነ የቢራው ስኳር ከልክ በላይ አሙቆታል፤ ሠሪዋ ቅርጽ ማውጫውን በፎጣ ጠቅልላ ስታቆየው አልነቃችበትም።

ነጭ ነገር ካያችሁ ረጋ ብላችሁ ለዩት። ከላይ እንደ ዱቄት ነስነስ ያለው ሳሙናው ትኩስ ሳለ አየር ነክቶት የሠራው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አይጎዳም። ከተቆረጠው ገጽ መሐል የሚታየው ነጭ ፍሬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግማሽ በረዶ በሆነ ቢራ ውስጥ ሶዳው ሳይሟሟ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ጠንቃቃ ሠሪ ለዚህ ሲባል ውህዱን በወንፊት ታሳልፈዋለች። ፍሬውን በጥፍራችሁ አትንኩት፤ እርጥብ የፒኤች ወረቀት አስጠጉበት። ጥሩ ሳሙና 9 ወይም 10 ላይ ይቆማል። ወረቀቱ ከዚያ አልፎ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከሄደ ያ ሳሙና ለሕፃን ቀርቶ ለእቃ ማጠቢያም አይሁን።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትሄዱ መንገድ ላይ ያለችው ደጋን፣ ከዚያም ወዲያ ያለው አገር በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እዚያ ገበያ ላይ የቢራ ሳሙና ይዞ የሚወጣ ሰው ቢራ እንዳለበት በግልጽ መጻፍ አለበት። «ፈልቶ አልኮሉ ተንኗል» ማለት አይበቃም፤ መፍላት አልኮሉን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ውሳኔውም የገዢው ነው። ለዚህ ገበያ ከቢራ ይልቅ በቀሪቦ መሥራት ይሻላል። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ ስለሚሠራ ቀለሙ ያምራል። ስኳሩ ግን ከቢራ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቅርጽ ማውጫው አይሸፈንም፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ የተሰነጠቀ ገጽ ሲታይም በቀሪቦው ላይ አይፈረድም። በጠላ የሚሠሩም አሉ ቢባል አልቃወምም፤ አተላው ሳይጠለል የገባበት ሳሙና ግን ቆዳ ይፍቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

አረፋ ላይ ብዙ አትመኑ። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡም አረፋ ነበረ። አረፋ ብዙ ነገር ያወጣዋል። በቢራ ሳሙና የሚፈለገው ዓይነቱ ነው፦ የኮኮናቱ ትልልቅ አረፋ ቶሎ ይመጣል፣ የሞራው ደቃቅና ወፍራም አረፋ ይከተላል፣ ጉሎው ይዞ ያቆየዋል። አንዴ ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ አንዴ በቧንቧ ውሃ ሞክሩት። በዝናብ ውሃ በደንብ የሚያረፋ፣ በቧንቧ ውሃ ግን አረፋው ጠፍቶ ነጭ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ ጥፋቱ የውሃው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ሳታዩ አትፍረዱ።

የመጨረሻው መለኪያ ሚዛን ነው። ሠሪዋ የተቆረጠበትን ቀንና የዚያን ቀን ክብደት ወረቀት ላይ ከጻፈች በእጇ ተማመኑ። አዲስ ሳሙና ውሃው እየወጣ በየሳምንቱ ይቀላል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው ደረሰ የሚባለው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የተደረደረ ሳሙና በአራት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ በተለይ ጉም በማይለይበት ክረምት፣ ስድስት ሳምንትም ላይበቃው ይችላል፤ በውስጡ ያለው ግሊሰሪን እርጥበት እየሳበ ላዩን ያልበዋል። ክረምት ላይ ከደሴ የምትገዙ ከሆነ ላስቲክ የለበሰውን ተዉት፤ በወረቀት የተጠቀለለውን ወስዳችሁ ቤት ስትደርሱ ፍቱትና ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ በጎኑ አቁሙት።