ከንጉሡ ራስ ወደ መስቀሉ፦ የአክሱም ነሐስ ሳንቲሞች ሲነበቡ

አክሱም ውስጥ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ሲያልፍ ማሳው ላይ ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ብቅ ይላሉ። ልጆች ለቅመው ለጎብኚ ይሸጧቸዋል። አንዷን መዳፍ ላይ ቢያኖሯት ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም አትበልጥም፤ አረንጓዴ ዝገት ውጧታል። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጓት ግን መስቀል ይታያል። ስለዚህ መስቀል የተለመደው አተራረክ አጭር ነው፦ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ፣ ጨረቃውን ከሳንቲሙ አንሥቶ መስቀል ተካ፣ ሀገሩም ክርስቲያን ሆነ። ሁለቱን ሳንቲሙ ይመሰክራል። ሦስተኛውን እኛ ጨምረንበታል።

አክሱም ሳንቲም መምታት የጀመረችው በ3ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በእንዱቢስ ዘመን ነው። ያኔ ከንጉሡ ራስ በላይ የነበሩት ግማሽ ጨረቃና ክብ ናቸው። በ4ኛው ምእተ ዓመት ኢዛና ቦታውን ለመስቀል ለቀቀ፤ መስቀልን በሳንቲም ላይ ካሳዩ ነገሥታትም ከቀደምቶቹ ተቆጠረ። የወርቁ ጽሑፍ ግን ግሪክኛ ነበር፤ የቀይ ባሕር ነጋዴ የሚያነበው ቋንቋ። የአክሱም ወርቅ ደቡብ ዓረቢያ ድረስ ተሻግሮ፣ ከሮም ወርቅ ጋር አብሮ ተቀብሮ ተገኝቷል። እንግዲህ የወርቁ መስቀል በቅድሚያ የተነገረው ለውጭ ሰው ነው። የአክሱም ገበሬ በወርቅ ሳንቲም አማካይነት ሃይማኖቱን አወቀ ማለት ይከብደኛል።

ምእመኑን መፈለግ ያለብን ነሐሱ ላይ ነው። በብዛት ከሚገኙት መካከል ስም የለሽ የሆኑት ሳንቲሞች አሉ። በአንድ ወገን የንጉሡ ምስል ከነማዕረጉ አለ፤ ስሙ ግን የለም። በሌላው ወገን መስቀል፣ ዙሪያውን ደግሞ በግሪክኛ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ። «ይህ» የተባለው የትኛው ነው? ሳንቲሙ ነው ወይስ መስቀሉ? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ያም ሆነ ይህ አነጋገሩ የአዋጅ አይደለም። ደጅ የሚጠና ሰው ድምፅ አለበት። ንጉሥ ስሙን አስቀርቶ የሀገሩን ደስታ ሲለምን፣ እምነቱ ገና ከሕዝቡ ጋር ድርድር ላይ እንደነበረ እጠረጥራለሁ። (ልመናው ሀገሬው በማያነበው ቋንቋ መጻፉ ሌላ ጉድ ነው። ያልተማረውም የሚያነበው መስቀሉን ብቻ ነበር።)

ቆይቶ ቋንቋው ተለወጠ። ስሙ ያለ አናባቢ ስለተጻፈ መሐድየስ እያልን የምንገምተው ንጉሥ፣ «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» የሚለውን የቆስጠንጢኖስን ቃል በግዕዝ አስቀረጸ። ቃሉ የውሰት ነው፤ ፊደሉ ግን የቤት ነው።

ከጽሑፉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ወርቅ የመለበጡ ሥራ ነው። አንጥረኛው በትንሿ ሳንቲም ላይ በጎደጎደ ቦታ ስስ ወርቅ እያሳረፈ ይለብጥ ነበር። ልማዱ ከክርስትና ይቀድማል፤ በንጉሥ አፊላስ ሳንቲሞች ላይ አለ። ዋጋዋ ዝቅ ባለ ሳንቲም ላይ ይህን ያህል መድከም በገበያ ሂሳብ አያዋጣም። እንዲህ ያለችው ሳንቲም ከገንዘብነቷ ይልቅ ምልክትነቷ ያመዝናል። ወርቁ የት እንዳረፈ መከተልም ይጠቅማል፦ በንጉሥ ውዛባስ ነሐስ ላይ የንጉሡን ራስ ከቦ ያበራል።

አርማህ ጋ ስንደርስ የወርቁ ቦታ ተገልብጧል። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሳንቲም መቺ ንጉሥ ተደርጎ የሚታሰበው እሱ ነው። የብር ሳንቲሙ ላይ በቅስት ሥር መስቀል ይታያል፤ አንዳንዶች ፋርሶች በ614 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌምን ከመያዛቸው ጋር አያይዘው የቅዱስ መቃብሩ ምስል ነው ይላሉ። ግምቱ ያጓጓል፤ ቅስትና መስቀል ግን የማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊሆን ይችላል። እኔ ነሐሱን እመርጣለሁ። ንጉሡ ሙሉ ቁመናው እየታየ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ጽሑፉ ግዕዝ ነው። የአርማህ የሆነ የወርቅ ሳንቲም አይታወቅም። ወርቁ የቀረው በነሐሷ ጀርባ፣ በእህል ዛላዎች መካከል በቆመው መስቀል እምብርት ላይ፣ አንዲት ነጥብ ሆኖ ነው።