የሸክላ ሠሪው ጥርጣሬና የሃያሲው ቃል

ሸክላ ሠሪና ሃያሲ ስለ አንድ ዕቃ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ አይግባቡም። አንደኛው ስለ አፈሩ፥ ስለ እሳቱና ስለ ዕቃው አፍ ሲናገር፥ ሁለተኛው ስለ መንፈስ፥ ስለ ዘመንና ስለ ህላዌ ይናገራል። ሸክላ ሠሪው ይህን ረዥም ንግግር ሰምቶ ዝም ይላል፤ ወይም ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ዝምታው በምሁራን ዘንድ አንዳንድ ጊዜ እንደ ድንቁርና፥ አንዳንድ ጊዜም ትምህርትን እንደ መጥላት ሲቈጠር ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ጥርጣሬው በመሠረቱ የማስረጃ ጥያቄ መሆኑን ማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ጥርጣሬውም ራሱ ከልኩ ሲያልፍ ስሕተት ላይ እንደሚወድቅ ሳንናገር አናልፍም። ለምሳሌ የምንወስደው በጃፓን አገር የተነሣውን የሚንጌ ትምህርትና ኦንታ የምትባለውን የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሚንጌ ትምህርት መሪ ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) ነበር። ሚንጌ ማለት የሕዝብ እጅ ሥራ ማለት ሲሆን፥ ቃሉን በ1925 ያናጊ ከሁለት ሸክላ ሠሪዎች ወዳጆቹ፥ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋራ ሆኖ አወጣው፤ በ1936ም በቶኪዮ የሕዝብ እጅ ሥራ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው። እውነተኛ ውበት የሚገኘው ስሙ ባልታወቀ ሠሪ፥ ለዕለት ተግባር፥ በብዛትና በርካሽ በተሠራ ዕቃ ላይ ነው፤ ሠሪው ውበትን ሳያስብ ስለሚሠራ ውበት በራሱ ይመጣል፤ ተመልካቹም ዕውቀቱን ወደ ኋላ ትቶ ዕቃውን በቀጥታ በዐይኑ ማየት አለበት። የያናጊን መልካም ሥራ መካድ አይገባም። ሀብታሞች ያላከበሩትን የድኻ ዕቃ ሰብስቦ አስከብሯል፤ ጃፓን ኮሪያን በያዘችበት ዘመንም በ1922 የሴኡል ቤተ መንግሥት በር የሆነው ጓንግህዋሙን እንዳይፈርስ በጽሑፍ ተቃውሟል። ከዚህ የተነሣ ትምህርቱን የምንመረምረው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ መልካም አሳብ ያለው ሰው እንኳ ስለ ሌላ ሰው እጅ ሲናገር የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት ነው።

የያናጊ ትምህርት ዋና ማስረጃ ኪዛኤሞን የሚባለው ጽዋ ነው። ይህ ጽዋ በኮሪያ ተሠርቶ ወደ ጃፓን ከመጣ በኋላ የሻይ ሥርዐት ሊቃውንት እጅግ ያከበሩት ሲሆን፥ ዛሬ በኪዮቶ በዳይቶኩጂ ገዳም ይጠበቃል። ያናጊ በ1931 ባየው ጊዜ የተራ ድኻ መብል መብያ፥ ያላንዳች አሳብ የተሠራ ዕቃ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከፍ ያለ ውበቱንም የሠሪው አለማሰብ ፍሬ አደረገው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ጽዋው ለምን ተግባር እንደ ተሠራ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆኖም ዋናው ነገር እርሱ አይደለም። ዋናው ነገር የዚያ ኮሪያዊ ሸክላ ሠሪ አንድ ቃል እንኳ አለመገኘቱ ነው። ስለ ጽዋው እግር፥ ስለ ቅቡ መሰንጠቅ፥ ስለ አፉ ክበብ የተነገረውን ሁሉ ዕቃውን አንሥቶ መመርመር ይቻላል፤ ስለ ሠሪው ልብ የተነገረውን ግን ማንም ሊመረምረው አይችልም። ሠሪው ውበትን አላሰበም የሚለው አነጋገር ከጽዋው የተገኘ ዕውቀት ሳይሆን፥ ሃያሲው ከቤቱ ይዞት የመጣው እምነት ነው።

እንዲህ ያለው እምነት በሕይወት ያሉና መልስ ሊሰጡ የሚችሉ ሸክላ ሠሪዎች ባገኘ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ኦንታ ታሳየናለች። ኦንታ በኪዩሹ ደሴት፥ በኦይታ አውራጃ ተራራ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ሸክላ የሚሠሩት ቤተ ሰቦች ዐሥር ያህል ሲሆኑ፥ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ አፈሩም ከመንደሩ አጠገብ ተቈፍሮ ለሁሉ ይዳረሳል። የተቈፈረውን አፈር የሚወቅጡት በጅረቱ ውሃ ኀይል የሚነሡና የሚወድቁ ከባድ የእንጨት ዘነዘናዎች ናቸው፤ ድምፃቸውም ቀንና ሌሊት በሸለቆው ይሰማል። የግል ስም በዕቃ ላይ አይጻፍም። ያናጊ በ1931 መንደሪቱን ጐብኝቶ አመሰገናት፤ በ1954ም እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች መጥቶ ተቀመጠባትና ስሟ ከጃፓን ውጭ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ገዢውና ጐብኚው በዛ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ብራያን ሞራን በዚያች መንደር ኖሮ ጥናት አደረገ፤ መጽሐፉም በ1984 ታተመ። የመጽሐፉ አርእስት ስለ ጠፋ የዋህነት የሚናገር ሲሆን፥ አነጋገሩ ምፀት ያለበት ነው። ሞራን ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ከርሱ በፊት በዚህ መልክ ያደረገው ጥቂት ነው። ሃያስያኑ ስለ ኦንታ የሚሉትን ወስዶ ከሸክላ ሠሪዎቹ አነጋገርና አሠራር ጋራ አስተያየ። እኛም የርሱን ፈለግ ተከትለን አንዱን ነገር በሁለት ወገን እንመልከት።

ሃያሲው የውሃውን ዘነዘና ሲያይ ሰው ለተፈጥሮ መታዘዙን፥ ከዚህም ታዛዥነት ውበት መወለዱን ይናገራል። በመንደሩ ኑሮ ውስጥ ግን ያው ዘነዘና ሌላ ትርጉም አለው። ጅረቱ በቀን የሚወቅጠው አፈር ልክ ስላለው፥ አንድ ቤተ ሰብ የሚሠራው ዕቃ ብዛትም ልክ ይኖረዋል፤ ስለዚህ አንዱ ቤት ከሌላው እጅግ ልቆ ሊከብር አይችልም። ዘነዘናው የመንደሩ ሚዛን ነው ማለት ነው። የተወቀጠውን አፈር ማጥራትና ማዘጋጀት ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ድካም ነው፤ ስሙ ስላልታወቀው ሠሪ በተጻፈው ምስጋና ውስጥ ግን እነዚህ ሴቶች አይገኙም። ሃያሲው ስለ ተፈጥሮ በተናገረበት ቦታ ላይ ሥራ፥ ድርሻ፥ ዋጋና የጐረቤት ዐይን ነበሩ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። ትምህርቱ፥ ሠሪው ራሱንና ውበትን ሳያስብ ሲሠራ ውበት ይመጣል ይላል። እንግዲያስ ሃያሲው ወደ መንደሩ ገብቶ ሥራችሁ ውብ ነው ብሎ ከተናገረበት ሰዓት ጀምሮ ያ አለማሰብ እንዴት ሊጸና ይችላል? ምስጋናው ገዢን ያመጣል፤ ገዢ ዋጋን ያመጣል፤ ዋጋ ደግሞ አንዱን ሠሪ ከሌላው ይለያል። በኦንታም የሆነው ይኸው ነው። ገበያው ሲሰፋ የመተጋገዙ ልማድ እየላላ ሄደ፤ አንዳንዶቹ ቤተ ሰቦች በጋራው እቶን ሲተኵሱ ሌሎቹ የየራሳቸውን እቶን ያዙ። ይህን ጊዜ ሃያስያኑ ሸክላ ሠሪዎቹን ገንዘብ ወዳድ ሆኑ፥ የዕቃቸውም ውበት ቀነሰ ብለው ወቀሱ። ገበያውን የጠራው የራሳቸው ብዕር መሆኑን ግን አላሰቡም። ሸክላ ሠሪው የሃያሲውን ቃል ቢጠራጠር ይፈረድበታልን? በድኽነት እንዲኖር የሚያመሰግነው፥ ጥቂት ሲያልፍለት ደግሞ ከጸጋ ወደቀ የሚለው ሰው፥ የርሱን ኑሮ ሳይሆን የገዛ ናፍቆቱን እየጻፈ ነው።

ከዚህም ጋራ የሚንጌ መሪዎች ራሳቸው ስመ ጥር ሰዎች እንደ ነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐማዳ በዕቃው ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ ዕቃው የሚቀመጥበትን ሣጥን ግን ይፈርምበት ነበር። በ1955 መንግሥት የአገር ቅርስ የሆነ ባለ ሙያ ብሎ ሲሰይመው ተቀበለ፤ ካዋይ ግን እንዲህ ያለውን ክብር አልፈልግም አለ። ለስመ ጥሩ ሰው ስም አለመጻፍ ምርጫ ነው፤ ለኦንታው ሰው ደግሞ የመንደር ልማድ ነው፤ ለኮሪያዊው ሠሪ ግን ጠያቂ የማጣት ውጤት ነው። እነዚህን ሦስቱን ባንድ ስም ጠርቶ ትሕትና ማለት፥ የሃያሲ ቃል እንዴት ነገርን እንደሚሸፍን የሚያሳይ ነው።

እስካሁን ሸክላ ሠሪውን ደገፍን። አሁን ግን ተቃራኒውን እንመልከት። በአሜሪካ አገር ሮዝ ስሊቭካ በ1961፥ አዘጋጅ ሆና በምትመራው የእጅ ሥራ መጽሔት ላይ፥ ስለ ፒተር ቮልኮስና ስለ ጓደኞቹ አዲስ ሥራ ሰፊ ጽሑፍ አወጣች። ጽሑፉ የዘመኑን የሥዕል ሂስ ቋንቋ ለሸክላ ያዋለ ስለ ነበረ ከአንባቢዎች ብዙ ቍጣ ተነሣበት፤ ከተቈጡትም ውስጥ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ቮልኮስ የሚቈርጠው፥ የሚበሳውና የሚደራርበው ሸክላ ውሃ ይቀዳል ወይስ አይቀዳም ተብሎ የሚመዘን አልነበረም፤ ስሊቭካም አነጋገሯ ቢበዛ እንኳ በዐይን ፊት ያለውን አዲስ ነገር ለመሰየም ትደክም ነበር። እጅ የለመደውን ብቻ ዕውቀት ነው ማለት፥ ጥርጣሬን ከማስረጃ ጥያቄነት አውጥቶ የልማድ አጥር ያደርገዋል።

የሂስ ቋንቋ በኋላ ዘመንም አልቀለለም። በ2012 አሊክስ ሩልና ዴቪድ ሌቪን የሥነ ጥበብ ትርኢት ማስታወቂያዎችን ሰብስበው ቋንቋቸውን መርምረው፥ ይህ ከሕዝብ እንግሊዝኛ የተለየ ልሳን ሆኗል ሲሉ ጻፉ። በ2003 የተርነርን ሽልማት ያገኘው ሸክላ ሠሪ ግሬሰን ፔሪም በ2013 በቢ.ቢ.ሲ. በሰጠው ተከታታይ ንግግር በዚህ ልሳን ላይ ቀልዷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ፔሪ የቀለደው ሂስን ለማስቀረት ሳይሆን ራሱ ሃያሲ ሆኖ ለመናገር መሆኑ ነው። ከርሱም በፊት በኦክስፎርድ የጥንት ልሳናትን ተምሮ ሸክላ ሠሪ የሆነው ማይክል ካርዲው፥ በናይጄሪያ በአቡጃ የሸክላ ትምህርት ማዕከል አቋቁሞ፥ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ድንጋይ፥ ስለ አፈርና ስለ እሳት በጥልቀት ጽፏል። እንግዲህ ሸክላ ሠሪ አሳብን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ የሚጠላው ወደ ዕቃው የማይመለስ አሳብን ነው።

በገበያችን ሸክላ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንሥቶ በጣቱ ያንኳኳል፤ ድምፁን ሰምቶ ስንጥቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ይለያል። የሃያሲም ቃል እንዲሁ ሊንኳኳ ይገባዋል። ቃሉ ዕቃው ላይ ባለ፥ ሌላ ሰውም ሊያየው በሚችል ነገር ላይ የቆመ ነውን? ስለ ሠሪው አሳብ የሚናገር ከሆነ ሠሪው ተጠይቋልን? መልሱስ ተጽፏልን? ጸሐፊውስ ከምስጋናውና ከወቀሳው የሚያገኘው ጥቅም ምን እንደ ሆነ ገልጧልን? እነዚህን ያላለፈ ቃል ስንጥቅ አለበት፤ ቀለሙ ቢያምርም ውሃ አይዝም።

ይህ ነገር የጃፓንና የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሸክላ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ በብዙ ቦታም ሠሪዎቹ በጋብቻና በማዕድ ተለይተው፥ ቡዳ ተብለው ተፈርተው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በ1900 ዓመተ ምሕረት እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ዛሬ የተማረው ሰው ያንኑ ጀበናና እንስራ በቤተ መዘክር መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ያደንቃል፤ በሥሩም የአውራጃውንና የብሔረ ሰቡን ስም ይጽፋል፤ የሠሪዋን ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ንቀቱም ሆነ አድናቆቱ ባንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ሁለቱም ሠሪዋን አይጠይቋትም። ያናጊ የኮሪያዊውን ሠሪ ስም ሊያገኝ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም፤ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋልና። እኛ ግን የጀበናዋን ሠሪ በሳምንቱ ገበያ እናገኛታለን።

ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሲሄድ፥ ስለ ጥንታዊ ውበትና ስለ ሕዝብ መንፈስ የሚናገረውን ከመጻፉ በፊት፥ አፈሩን ከየት እንደምታመጣ፥ ከምን እንደምትደባልቀው፥ የትኛውን ዕቃዋን እንደምትመርጥና ለምን እንደምትመርጥ ጠይቆ በስሟ ይመዝግብ። በኋላም የጻፈውን አንብቦላት መልሷን ይስማ። እርሷ ሰምታ ይህ እኔ አይደለሁም ካለች፥ ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህ ቃሏ መነሣት አለበት።