የእንጨት ራምፕ ሲታይ

መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ራምፑ መሬት የሚነካባት ያቺ ሁለት ጣት የማትሞላ ጫፍ የአናጢውን እጅ ታሳብቃለች። ለእናቴ ያሠራነው የመጀመሪያው ራምፕ ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር፤ ጥሩ ሆኖ የተላገ የዝግባ ጣውላ፣ ቫርኒሹ እንደ መስታወት። ታች ግን የጣውላው ውፍረት እንዳለ ቀርቶ 2 ሳንቲሜትር እርከን ፈጥሯል። የዊልቸሯ ትንንሽ የፊት ጎማዎች እዚያ ላይ ቀጥ ሲሉ እናቴ በግንባሯ ልትደፋ ለጥቂት ተረፈች። ቫርኒሹን ደግሞ ባናነሣው ይሻላል፤ ለቁም ሣጥን እንጂ ሐምሌ ለሚዘንብበት ራምፕ አይሆንም። ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይሻላል፣ ባያምርም።

ቁልቁለቱ ላይ ድርድር የለም። የታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው። የኛ በረንዳ ሦስት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 15 ሳንቲሜትር፣ በድምሩ 45። ስለዚህ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። ግቢው ጠባብ ሲሆን «ትንሽ ቀጥ ብናደርገውስ?» የሚል አናጢ አይጠፋም። እሺ ያለው ቤተሰብ በየቀኑ ገፊ ሲጠራ ይኖራል። ሥራውን የሚያውቅ መሐል ላይ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ደልዳላ ማረፊያ አበጅቶ ወደ ጎን ያዞረዋል። በሩ አፍ ላይም እንዲሁ፤ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ መንሸራተት የለበትም።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሥሩን አያለሁ። ቋሚዎቹ አፈር ውስጥ ከተቀበሩ ለምስጥ ድግስ ነው፤ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቁሙ። የተቃጠለ ዘይት ከሥር ይቀባ፣ ከላይ ግን ያንሸራትታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በርካሽ ተገዝቶ ከሆነ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ የሚስማሩም ራስ ብቅ ይላል፤ ብሎን ይሻላል። ጣውላዎቹ በአግድም ይነጠፉ፤ በርዝመቱ ከተነጠፉ የፊት ጎማው ክፍተቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ግራና ቀኝ ጎማ የሚያግድ ጠርዝም አይረሳ።

ሁለተኛውን ራምፕ የሠሩት አዛውንት አናጢ ሲጨርሱ ሂሳብ አልጠየቁም። የእናቴን ዊልቸር አስመጥተው ራሳቸው ተቀመጡበትና ቀስ ብለው ወረዱ። ታች ሲደርሱ ፊታቸው ቅጭም አለ። ተነሥተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ መላጊያቸውን ከከረጢቱ መልሰው አወጡ።