ማን ቀሰቀሰው?

የግንቦት ልደታ ማታ ነው። ጎረቤቶቼ ንፍሮውን ይዘው ደጅ ወጥተዋል፤ ከልደታ ማርያም ወዲህ ያለው የኮንዶሚኒየም ግቢ ቡና ቡና ይሸታል። መብራት ጠፍቷል። እኔ ድርሻዬን ንፍሮ በሰሃን ይዤ ላፕቶፔ ጋ ተቀምጫለሁ። ሁለት ባለቤት ቀይሮ እኔ ጋ የደረሰ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ማሽን ነው፤ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

የጀመርኩት ጽሑፍ አልሄድ ብሎኝ ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ አንድ ነገር አየሁ። ፊደል የሚያርፍበትን ቦታ የምታሳየው ቀጭን መስመር፣ ከርሰሯ፣ ብልጭ ድርግም ስትል ቆይታ ቀጥ አለች። ማሽኑ የደረቀ መስሎኝ አንድ ቁልፍ ነካሁ፤ እንደገና ጀመረች። እጄን ሰብስቤ ቆጠርኩ። አሥር ሴኮንድ፤ ከዚያ ዝም።

ለካ ሆን ተብሎ ነው። ሊኑክስ ላይ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች መስኮታቸውን የሚስሉበት ጂቲኬ የተባለ የጋራ መሣሪያ አለ፤ ከርሰሯ ከአሥር ሴኮንድ በኋላ እንድታርፍ ያዘዘው እሱ ነው። ለእያንዳንዷ ብልጭታ ፕሮሰሰሩ ከእንቅልፉ መነሳት፣ ያችን ቁራጭ መስመር መሳል፣ ስክሪኑን ማደስ አለበት። ሰውየው መጻፍ ካቆመ ለማን ትብለጨለጫለች ብሎ ያሰበ ባለሙያ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እጁን ይባርከው ነው የምለው።

ነገሩ ከከርሰሯ ይጠልቃል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩንና ሌላውን ዕቃ ሁሉ የሚያዘው ክፍል፣ ለብዙ ዓመት እንደ አንድ ተጠራጣሪ ዘበኛ ነበር፤ ሌባ ኖረም አልኖረም እየተነሳ ግቢውን የሚዞር። በተለመደው ፒሲ ላይ ሰዓቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመታ ነበር። 2.6 የተባለው ትውልድ ሲመጣ 1000 ደረሰ፤ ቆየት ብሎ ወደ 250 ወረደ። በየምቱ ፕሮሰሰሩ ይነቃል። «ሥራ አለ?» «የለም።» «አሁንስ?» «የለም አልኩህ።» የፕሮሰሰር እንቅልፍ ደግሞ ደረጃ አለው። ኃይል የሚቆጥበው ጠለቅ ያለው ነው፤ እዚያ ለመግባትም ከዚያ ለመውጣትም ጊዜ ይፈልጋል። በሴኮንድ ሺህ ጊዜ የሚቀሰቀስ መቼ ይተኛል?

ኤፕሪል 2007 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6.21 ላይ እነ ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናር የሠሩት ነገር ገባ። ሲነገር ቀላል ነው፦ ሥራ ሲያልቅ ከርነሉ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ያይና ማንቂያውን ለዚያች ቅጽበት ብቻ ሞልቶ ይተኛል። ሲሠራ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ኮድ ውስጥ ጊዜን የሚያውቀው ምቱን እየቆጠረ የነበረ ክፍል ሞልቷል፤ ምቱ ሲቀር ሰዓቱ ሊጠፋበት ነው። ስለዚህ የተኛው ሲነቃ ስንት እንደተኛ በትክክል አስልቶ ያመለጠውን ሒሳብ ሁሉ ማወራረድ አለበት። ሰው እየኖረበት የቤት መሠረት እንደ መቀየር ነው፤ ተጠቃሚው ግን አንድም ነገር አላየም። የእጅ ሥራ ሲያምር እንዲህ ነው፤ ከላይ ስፌቱ አይታይም።

ከዚህ ጎን አንዲት ትንሽ ብልሃት አለች፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳት። ልጅ ሱቅ ስንልክ ጨው፣ ተመልሶ ሳይቀመጥ ዘይት፣ ከዚያ ደግሞ ክብሪት እያልን የምናመላልሰው ነገር አለ አይደል? ብዙ የከርነል ሥራዎች እንዲሁ ነበሩ። በየጥቂት ሴኮንዱ አንዴ መፈተሽ የሚበቃቸው፣ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገዩ ማንም የማይጎዳባቸው ሥራዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሰዓት ይቀሰቅሱታል። መፍትሔው ቀጠሯቸውን ወደ ሙሉ ሴኮንድ ማጠጋጋት ሆነ። ሁሉም ባንድ ቅጽበት በር ላይ ይገናኛሉ፤ ልጁም አንዴ ተልኮ ሁሉንም ይዞ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ግን ከላይ ያሉት ፕሮግራሞች ካልተኙ ምን ይፈይዳል? በዚያው 2007 ከኢንቴል ፓወርቶፕ የተባለ አነስተኛ መሣሪያ ወጣ፤ ከጀርባው የነበረው አርያን ቫን ደ ቬን ነው። ሥራው አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ማን ቀሰቀሰው? ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተቀሰቀሰና ጥፋተኛው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ በስሙ ጠርቶ ይደረድራል። ጉዱ ያኔ ወጣ። የድምፅ መጠን የምታሳየው ትንሽ ምልክት እንኳ ድምፁ ተቀይሮ እንደሆነ በሴኮንድ ደጋግማ ትጠይቅ ነበር፤ «ሲቀየር ንገሩኝ» ብላ መተኛት ስትችል። የኦፕን ሶርስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታየኛል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ጥፋተኛውን ያገኘ ሰው አቤቱታ ጽፎ አይጠብቅም፤ ከፍቶ፣ መስመሩን አግኝቶ፣ አርሞ ይልካል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ታዲያ ጥቂት ዋት ብትቆጥብ ለየትኛው አየር ነው? እውነቱን ነው። እኛ ጋ ትልቁ ብክነት ሶኬቱ ላይ አይደለም። የአንድ ላፕቶፕ የካርቦን ዕዳ አብዛኛው ገና ፋብሪካ ውስጥ፣ አንዴም ሳይበራ የተቆለለ ነው። ስለዚህ ዋናው ቁጠባ ማሽኑን አለመጣል ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ፣ ተከታዩ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልጎደላቸው ማሽኖች በወረቀት አረጁ። የእኔውም አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥሏል፤ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። እኛም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ አለን፣ ቁጥር 425። ሰፈር ለሰፈር የሚሠራው ግን ያው ቆራሌው ነው።

ጀርመኖች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጡት «ሰማያዊው መልአክ» የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ምልክት አላቸው። በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጡት፤ ኬዲኢ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ ለሚሠራው ኦኩላር ለተባለ የፒዲኤፍ ማንበቢያ። ፈተናው ደስ ይላል። ኮምፒውተሩን በኃይል ቆጣሪ በኩል ይሰኩትና ሰው እንደሚያደርገው ገጽ እየገለጠ ቁልፍ የሚጫን ፕሮግራም ይለቁበታል፤ ስንት እንደበላ ይመዘገባል። ከመስፈርቶቹ አንዱ አምስት ዓመት ባስቆጠረ ማሽን ላይ መሥራቱ ነው። እኛ ጋ የአምስት ዓመት ኮምፒውተር ገና ሙሽራ ነው።

ይህን የምጽፍበት የግዕዝ መክተቢያም ከዚያው ከኦፕን ሶርስ ዓለም የመጣ ነው። ሴራ ይባላል፤ በአማርኛ ስሙ ቢያስቅም የተንኮል ነገር የለበትም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያወጡት፣ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች የመጻፍ ስልት ነው፤ «ሰላም» ለማለት አምስት ቁልፍ ይበቃል። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ በዚሁ መንገድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የሠራው መክተቢያ ዛሬም አብሮት ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ገደማው ነው፤ አንድ ሰው ከሌላው እየተቀበለ ስለሚጠብቀው ማሽን በተቀየረ ቁጥር አልሞተም።

ያም ሆኖ ክፍት የሆነ ሁሉ ቆጣቢ አይደለም። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት 13ኛ እትሙ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በባለ 32 ቢቱ የድሮ ፒሲ ላይ መጫኑ ቀርቷል፤ መደርደሪያዬ ላይ አንድ እንዲህ ያለ አለኝ፣ አሁንም ምን እንደማደርገው አልቆረጥኩም። በጨለማው ፓወርቶፕን ራሴ ላይ ከፈትኩት። ከዝርዝሩ አናት የተቀመጠው የድረ ገጽ ማሰሻው ፋየርፎክስ ነው፤ እሱም ኦፕን ሶርስ። ከጽሑፌ ጀርባ ከፍቼ የረሳሁት የዜና ገጽ ማስታወቂያውን ማንም ሳያየው ያሽከረክራል። ዘጋሁት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ባትሪው የቀረውን ጊዜ አስተካክሎ ጨመረልኝ። መብራቱ አልመጣም፤ ንፍሮው አልቋል።