ቫዮሊን ያልነበረው ባንድ፦ የዶክ ዋትሰን ጊታር ከየት መጣ?

ስለ አሜሪካዊው ጊታሪስት ዶክ ዋትሰን የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1960 ነው። የሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪው ራልፍ ሪንዝለር የባንጆ ተጫዋቹን ክላረንስ አሽሊን ሊቀርጽ ወደ አፓላቺያ ተራሮች ሄዶ አብሮት የሚጫወተውን ዓይነ ስውር ጊታሪስት አገኘ፤ በ1963 የኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ፣ በ1964 የመጀመሪያው የብቻው አልበም ተከተለ። በዚህ አተራረክ የሰሜን ካሮላይናዋ ዲፕ ጋፕ የትውልድ መንደር ከመሆን አታልፍም፤ ለአካባቢው የዋለው ውለታም መጨረሻ ላይ በምስጋና መልክ ይጠቀሳል። እኔ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል፤ ዋትሰንን ታላቅ ያሰኘው ስልት ራሱ የአካባቢውን ሰው ሲያገለግል የተወለደ ነውና።

በ1923 ተወልዶ በጨቅላነቱ ዓይኑን ያጣው ዋትሰን፣ በ1950ዎቹ ፒያኖ እየቃኘ፣ በጃክ ዊሊያምስ የዳንስ ባንድም ኤሌክትሪክ ጊታር እየተጫወተ ይኖር ነበር። ባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች አልነበረውም፤ ጨፋሪው ደግሞ የለመደውን የቫዮሊን ዜማ ይፈልጋል። ዋትሰን ያንን ፈጣን ዜማ ከነጌጡ በጊታር፣ በፒክ መጫወት ጀመረ። በካንትሪ ሙዚቃ የጊታር ድርሻ በአመዛኙ አጀብ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በኋላ እንደ ክላረንስ ኋይትና ቶኒ ራይስ ያሉ ጊታሪስቶች የተራመዱበትን መንገድ ጠርጓል። መነሻው ግን ቅዳሜ ማታ ሊጨፍር የመጣ ሰው ፍላጎት ነበር።

ዋትሰን ከሬዲዮና ከሸክላ ብዙ ተምሯል፣ ልጁን መርልንም በጊታሪስቱ በመርል ትራቪስ ስም ሰይሟል፤ ታዲያ ምንጩ እንዴት መንደሩ ይሆናል የሚል ይኖራል። ሬዲዮውን ግን መንደሩም ያዳምጥ ነበር፤ ተራራ ለተራራ የሚኖር ሕዝብ ከዓለም የተቆረጠ ነው ያለው ማን ነው? ሪንዝለር በበኩሉ የኤሌክትሪክ ጊታሩን አልቀበልም ብሎ በቦክስ ጊታር እንዲቀረጽ ጠየቀ፤ ዋትሰን የራሱ ስላልነበረው ተውሶ ተጫወተ። ንጹሕ ባህል ፍለጋ የመጣው ሰው ያደነቀው ጥበብ የጎለመሰው እሱ ባገለለው መሣሪያ ላይ ነበር። ሪንዝለር ሰፊ አድማጭና መተዳደሪያ እንዳስገኘለት አልክድም፤ ያን ሰው ከድህነት ያወጣ ውለታ ቀላል አይደለም። ጥበቡን ግን ተሠርቶ አገኘው።

ከአካባቢው ጋር ያለው ትስስር ከዝናው በኋላም ቀጠለ። ከዋትሰን ጋር ለሃያ ዓመታት ያህል የተጫወተው ልጁ መርል በ1985 በትራክተር አደጋ ሞተ። በ1988 በስሙ ለሚተከል የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ገንዘብ ለማሰባሰብ በዊልክስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተዘጋጀው ኮንሰርት፣ መርልፌስት ተብሎ በየዓመቱ የሚካሄድ የኮሌጁ የገቢ ምንጭ ሆነ። ከሩቅ የሚጎርፈው ታዳሚ በዓሉን ከአካባቢው ነጥሎታል የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ገቢው ግን የሚውለው ለዚያው አገር ተማሪ ነው። በ2011 በቡን ከተማ፣ በወጣትነቱ ለሳንቲም ይጫወትበት በነበረው ጎዳና ላይ ሐውልት ሲቆምለት፣ ጽሑፉ ከሕዝቡ አንዱ መሆኑን ብቻ እንዲናገር ጠይቋል። ብዙዎች ይህን በትሕትና ይተረጉሙታል፤ ያንን የዳንስ ባንድ ለሚያስታውስ ሰው ግን እንደ ቃሉ የሚነበብ ምስክርነት ነው።