መጠይቅና መላሽ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ከጀርመንታውን እስከ አሌክሳንድሪያ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንት ነን? የሚሰጡት መልሶች እጅግ የተራራቁ ናቸው። «ሕዝባችን ቅጽ አይሞላም» እያልን ጉድለቱን በመላሹ ላይ መጣል ለምደናል። በእኛ አስተያየት ግን ግድፈቱ አስቀድሞ በጥያቄው ውስጥ አለ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እንመልከት። ቅጹ ከእንግሊዝኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች በኢንተርኔት ሲቀርብ አማርኛ ከእነርሱ አንዱ አልነበረም፤ የደረሰው የአሞላል መምሪያና መሰል አጋዥ ጽሑፍ ብቻ ነው። ይሁንና ትርጉም ብቻውን አያድንም። «ሬስ» የሚለውን «ዘር» ብንለው፣ ጠያቂው ስለ ጥቁርና ነጭ ሲጠይቅ የእኛ ሰው ስለ ብሔረሰቡ የተጠየቀ ይመስለዋል። በቅጹ ከ«ጥቁር» ሥር ለምሳሌ ከተጠቀሱት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነበር፤ ሣጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ መስመሩን ባዶ የተወ ግን ከጥቁሮች እንጂ ከኢትዮጵያውያን ጋር አልተቆጠረም። በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ «ቤተሰብ» ብለን ብንተረጉም ደግሞ፣ ምድር ቤቱን የተከራየው ሰው ይቀራል። የልደት ዘመን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ካልተነገረም ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛነፋል።

በየዓመቱ የሚካሄደው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናትም መላሹ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚናገር ይጠይቃል። «በጣም ጥሩ» ያላለ ሁሉ የቋንቋ ችግር እንዳለበት ይመደባል። እንግዲህ ትሑቱ ሳይቸገር ችግረኛ ይሆናል፤ ተቸግሮ ሳለ ይሉኝታ የያዘው ደግሞ ከተረጂዎች ተራ ይወጣል።

የራሳችን ማኅበራት የሚያዘጋጁት መጠይቅም ከነቀፋ አያመልጥም። «በማኅበሩ አመራርና አገልግሎት ረክተዋልን?» ብሎ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጠየቅ፣ አንዱን ወድዶ ሌላውን የጠላውን መልስ ያሳጣዋል። ከቅዳሴ በኋላ ብቻ የታደለ ወረቀት ሙስሊሙን፣ ጴንጤውንና እሑድ ሥራ የሚገባውን ሳይጠይቅ «የማኅበረሰቡ አስተያየት» ይባላል። ስም ማስጻፍም ሌላ መዘዝ አለው። በደርግ ዘመን የቀበሌ መዝገብ ለምን እንደዋለ የሚያስታውስ ሰው ዝርዝር ሲያይ ቢሸሽ፣ ከልምድ የተገኘ ጥንቃቄ እንጂ ድንቁርና አይደለም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። መጠይቁ ከመታደሉ በፊት ለጥቂት ሰዎች ቢነበብና እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው ቃል እንዲመልሱት ቢደረግ፣ ስሕተቱ ያኔውኑ ይታያል። መልሱ ለምን እንደሚውልና ማን እንደሚያየውም አስቀድሞ ይነገር። የሐኪም ቤት አስተርጓሚና የትምህርት ቤት በጀት የሚመደበው በቁጥር ነውና፣ ጥያቄው ያላገኘው ሰው ከድርሻውም ይጎድላል።